ሽመሎቹ የዘገዩበት ዓመት

በዚያ ዓመት ሽመሎቹን መንገድ ላይ ያስቀራቸው አባባ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቷ ባቡር ሲያቆም ያየች ልጅ ወፍ ማቆም ያቅተዋል ብላ አታስብም።

አባባ ትራይቾ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ባቡር ነጂ ነበር። ሚስቱ እማማ ፔና ደግሞ የፖስታ ቤቱ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ አንድ ሰው «ሃሎ» ሲል ብቻ ሰምታ እቤቱ ማን እንደታመመና ማን ከማን እንደተጣላ የምታውቅ ሴት። ሁለቱም ሥራ ሲያቆሙ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩትን ነገር ያዙ፤ ወፍ ማየት። ማርች ሲጋመስ አሮጌዋን ሞስክቪች መኪናቸውን ይጭኑና ከዳኑብ ዳር መንደራችን ተነሥተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጥቁር ባሕር ይሄዳሉ፤ ከደቡብ የሚመጡትን ወፎች ለመቀበል። ኦገስት ሲያልቅ ያንኑ መንገድ ይዘው ሊሸኟቸው ይመለሳሉ። ባሕሩ ዳር ካለችው ቡርጋስ ከተማ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር፣ የባቡር ሠራተኞች ማረፊያ ቤት ነበር፤ ለጡረተኛም አልጋ አይነፍግም።

መንደርተኛው ይስቅባቸው ነበር። «ትራይቾ፣ ሽመሎችህ ትኬት ቆርጠዋል ወይ?» ይሉታል።

«ካንተ የተሻለ ሰዓት ያከብራሉ» ይላቸዋል።

እናቴ ሊልያ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ወደ ግሪክ ሄደች፤ ተሰሎንቄ ውስጥ አንዲት አሮጊት ልታስታምም። ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ቀይና ነጭ ክር ስትገምድ ትዝ ይለኛል። የክሩን አንዱን ጫፍ እኔ በጥርሴ ይዤላት ነበር፤ የሱፉ ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ። በአገራችን ይህ ክር ማርች በባተ ቀን እጅ ላይ ይታሰራል፤ የሚፈታውም የጸደይ ምልክት ሲታይ ነው። ለሌላው ሰው ያበበ ዛፍም ይበቃዋል። በእኛ ቤት ግን፣ የወፍ ሰዎች ቤት ስለሆነ፣ ሽመላ ካልታየች ክር አይፈታም።

«ማርች ሲባት እማማ ታስርልሻለች» አለችኝ እናቴ። «የመጀመሪያዋን ሽመላ ስታዪ ፈትተሽ የፕሪሙ ዛፍ ላይ ታንጠለጥዪዋለሽ። ያን ቀን እኔ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው። እሑድ ሳይደርስ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።»

እማማ ከምድጃው አጠገብ ዞር አለች። «አንቺ ልጅ፣ ቀን የሚቆረጠው በወፍ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለልጅ በምን ልቁረጥላት?» አለች እናቴ። እማማ ወደ ምድጃዋ ዞረች። እኔ ክሩን በጥርሴ እንደያዝኩ ነበርኩ፤ ተስማማሁ።

ማርች ባተና ክሩ እጄ ላይ ታሰረ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ሳይ መዋል ሆነ ሥራዬ። ቁርስ ሲቀርብ ሰማይ፣ ጫማዬ ሲታሰር ሰማይ። የሰፈር ልጆች «ኔቬና አንገቷ ተጣመመ» ይሉኝ ጀመር። እማማ ይህን ሁሉ ታያለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን የጊና ቤት ስልክ ጮኸና ጊና በአጥሩ ላይ ተጣራች። እማማ መጎናጸፊያዋን እንኳ ሳትደርብ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። የጊና ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልኩ የእማማን ወፍራም ካልሲ አያለሁ፤ ድምፅዋን እሰማለሁ።

«ሊልያ፣ ጮክ በይ፤ ድምፅሽ ጉንፋን ይዞታል ልበል?... አይ። አይደለም፣ ጉንፋንስ አይደለም።... ወረቀቱስ? ምን አሉሽ?... እና ከወጣሽ እንደገና አያስገቡሽም ማለት ነው?... እሺ። እሺ ልጄ። አታልቅሺ።... አለች፣ ደኅና ናት። ክሯን ስታይ ነው የምትውል።»

ከዚህ ሁሉ የገባኝ እናቴ ጉንፋን እንዳልያዛት ነው። ደስ አለኝ።

ያን ዕለት ወደ ማምሻው ላይ ከግቢ ስገባ አባባና እማማ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። በሩ ገርበብ ብሏል። ጭቃ የነካው ጫማዬን ማውለቅ ስለነበረብኝ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ የባቄላ ሾርባ ይሸታል።

«ትራይቾ፣ ሽመሎቹን ማቆም ትችላለህ?» አለች እማማ።

አባባ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ባቡር አቁሜ አውቃለሁ» አለ።

«እንግዲያስ አቁማቸው።»

ጫማዬ ከእጄ ወደቀና ድምፁ ሲሰማ እማማ ብድግ አለች። «ነይ ግቢ፣ ሾርባሽ ሊቀዘቅዝ ነው» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

እኔ ደግሞ ሒሳቡን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀብኝም። እማማ ለጊና «ሊልያ የመጣች ዕለት ልጅቷን ይዛብኝ ትሄዳለች፤ ይሄ ቤት ባዶ ይቀራል» ስትል ከአንዴም ሁለቴ ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሽመላ ካልመጣ እናቴ አትመጣም፤ እናቴ ካልመጣች እኔ የእነሱ ሆኜ እቀራለሁ። አያቶቼ ከባድ ተንኮለኞች መሆናቸውን ያን ዕለት፣ በካልሲዬ ቆሜ፣ ደረስኩበት።

ዛሬ እናቴ ያን ጊዜ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። ባዶ ቤት ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ። እማማ ያን ማታ ያሰበችው ስለ ቤቱ አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሞስክቪቿ ተጫነች። ያለፈው ዓመት ወደ ባሕሩ ይዘውኝ ሄደው ስለነበር መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ከመንደራችን ስንወጣ ፀሐይ ከፊት ትመጣና አባባ ኮፍያውን ዝቅ ያደርጋል። ያን ቀን ግን ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች።

«አባባ፣ ባሕሩ በዚህ ነው?»

«ዘንድሮ ተራራ ነው የምንሄደው። ተራራ ላይም ወፍ አለ።»

«ሽመላስ አለ?»

እማማ ከፊት ወንበር ተጠማዝዛ ሻርፗን ራሴ ላይ ጣል አደረገችና እስከ ቅንድቤ ሳበችው። «ፀሐይዋ ዐይንሽን እንዳትመታሽ» አለች። ፀሐይዋ ከኋላ እንደሆነች ነግሬአታለሁ፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም።

አባባ በየመንደሩ ያለውን የሽመላ ጎጆ አንድ በአንድ ያውቅ ነበር፤ የትኛው ምሰሶ ላይ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እንዳለ። ያን ቀን ያን ሁሉ እውቀቱን ለመሸሽ ተጠቀመበት። መንደር በቀረበ ቁጥር ከአስፋልቱ ወጥቶ በእርሻ መንገድ ይዞራል፤ መኪናዋ ትንገጫገጫለች፣ ከኋላ የተጫነው የእርጎ ማሰሮ ይደፋል፣ እማማ ትማረራለች። መዞሪያ ሲታጣ ደግሞ እሷ «ኔቪ፣ ኔቪ፣ በዚህ በኩል! አህያ!» ትለኛለች። እዞራለሁ። አህያ ነው። ቀጥሎ ሌላ አህያ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ አህያ አሳይተውኝ አያውቁም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አህያ ጠፋ። መንገዱ ውሃ በተኛበት ሜዳ ዳር ያልፍ ነበር፤ ከሜዳው ወዲያ ማዶ ነጫጭ ነገሮች ቆመዋል። መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ።

«አባባ፣ እነዚያ ምንድን ናቸው?»

«ዝይ» አለ አባባ። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

እማማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሳደበ ሰው ያየች ይመስል አፍጥጣ አየችው። ይህ ሰው በወፍ ነገር ቀልድ አያውቅም። እሷ ሩቅ የሚበር ነገር አይታ «ንስር!» ስትል «ክንፉን አየሽ? ጭራውን አየሽ? ካላየሽ ‹አንድ ነገር› በይ» ብሎ ይገስጻት ነበር፤ እሷም በንዴት «አንድ ነገር ሆይ፣ ደኅና ግባ!» ብላ ለሰማዩ እጇን ታውለበልባለች። በዚህ ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ምሳ ሲበሉ አይቻለሁ። ያ ሰው ነው ሳያይ «ዝይ» ያለው። መሪውን የያዘው እጁ ነጭ ሆኖ ነበር።

ተራራው ላይ ያለው ማረፊያ ቤትም የባቡር ሠራተኞች ነበር። ጥላ ባለበት ሁሉ በረዶ ገና አልቀለጠም። የጥድ ሙጫና እርጥብ ማገዶ ይሸታል። ቤቱን የምትጠብቀው ቫስካ የምትባል ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች፤ ከእኛ በቀር እንግዳ ስላልነበራት ስናወራ ከወጥ ቤት እየወጣች ታዳምጠናለች።

አያቶቼ ቀኑን ሙሉ ጅረቱ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንዲት ወፍራም ጥቁር ወፍ ውሃው ውስጥ እየጠለቀች ስትወጣ ያያሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«አሁን ፔሊካኖቹ ሐይቁ ላይ ደርሰዋል» ትላለች እማማ።

«ተይኝ፣ ፔና።»

«የሚቀበላቸው ሰው የለም።»

«ወፍ ናቸው እኮ፤ አቀባበል አይፈልጉም።»

«አንተ ነህ ይህን የምትል?»

ጠዋት ጠዋት አባባ የሩቅ መነጽሩን ይዞ በረንዳው ላይ ይቆማል፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ባሕሩ ወዳለበት። እኔ ሰማዩን የሚጠብቅ መሰለኝ። አንዲት ሽመላ ብቅ ስትል «ተመለሺ!» የሚላት መሰለኝ። በዚያ መነጽር የሚያየው ናፍቆቱን እንደሆነ የገባኝ እኔም በየማርቹ በዚያው አቅጣጫ ቆሜ መመልከት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ተቀየምኩት። ሲስመኝ ጉንጬን ጠረግሁ። የጥድ ፍሬ ቢያመጣልኝ ጅረቱ ውስጥ ወረወርኩት። እሱ የቆረሰውን ዳቦ አልበላም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ እንደቆመ ከኋላው መጣሁ።

«ልቀቃቸው!» አልኩት።

«ማንን?»

«ሽመሎቹን! እማዬ እንዳትመጣ ብለህ ነው የያዝካቸው። ሰምቻችኋለሁ! አንተና እማማ ናችሁ የማትፈልጓት!»

አባባ መነጽሩን ከዐይኑ አወረደ። እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሲቆጣ ደግሞ የባቡር ጡሩምባ ነው። ግን አልተቆጣም።

«ትንሽ ቀን ስጪኝ» አለ። «ትንሽ ቀን ብቻ፣ ኔቪ።»

«አንተ ነህ ማለት ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ።

ያን ጊዜ «አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር። እናትሽ ያለ መኖሪያ ወረቀት ነው ያለችው፣ ከወጣች በሩ ይዘጋባታል፣ በሩ ከተዘጋባት ደግሞ አራታችንም የምንበላውን አናውቅም ብሎ እውነቱን ቁጭ ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገውም። በእናቴ ከምቀየም በእሱ እንድቀየም መረጠ። ፀጉሩ በኮፍያው ተጨፍልቆ ነበር፤ ጆሮዎቹ በብርዱ ቀልተዋል። አሁን ያን ቀዝቃዛ ጆሮ ለመሳም ምን ያልሰጥ ነበር!

ከዚያ በኋላ ቫስካን ጠየቅኋት። ድንች እየላጠች ነበር። «ቫስካ፣ እዚህ አገር ሽመላ የለም?»

«እዚህ ላይማ ምን ልትበላ፣ በረዶ? ታች ከተማው ነው ያለችው። የወተት ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ዳቦ ልገዛ ስወርድ ትመጫለሽ?»

እማማ ወደ ከተማው መውረዴን ስትሰማ «ጉንፋን እንዳይዛት አልብሺያት» ብቻ አለች። ስለ ጭስ ማውጫው አታውቅም፤ ተራራው የእሷ አገር አልነበረም። ለባሕር ዳር መንገድ የነበራት እውቀት ለዚህ አልሠራም።

አውቶቡሱ ከመቆሙ በፊት ነው ያየሁት። ረጅም ቀይ ጡብ፣ ጫፉ ላይ የጭራሮ ክምር፣ ክምሩ ላይ በአንድ እግሩ የቆመ ነጭ። ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር፣ እግሩ ቀይ፣ መንቁሩ ቀይ። አባባ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀኝን ሁሉ አየሁ። አንገቱን ወደ ጀርባው ቀልብሶ መንቁሩን አንቋቋው፤ ድምፁ አደባባዩን ሞላው።

«ባልየው ነው» አለች ቫስካ። «ቀድሞ ገባ። ሚስቱ ገና ናት፤ እሷን ነው የሚጣራው።»

ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አንዱ አምልጦታል! አባባን አልፎታል! ያን ጊዜ እናቴ ተሰሎንቄ ሻንጣዋን ስትዘጋ ታየኝ። ክሩን ግን አልፈታሁትም። ከፈታሁት አባባ ያውቅብኛል፤ ካወቀ በእማዬ ላይ መንገዱን ይዘጋባታል። እጅጌዬን እስከ ጣቶቼ ሳብኩና ትኩስ ዳቦውን አቅፌ ወደ ተራራው ተመለስኩ። በዚያ ምሳ ሰዓት አባባ የቆረሰልኝን ዳቦ በላሁ፤ ለተሸነፈ ሰው ማዘን ጥሩ ነው ብዬ። አባባ ግን የራሱን ሳይበላ ተነሣ።

እሑድ ሆነ። እናቴ ቤታችን በር ላይ ቆማ እየጠበቀችን ነው ብዬ «እንሂድ፣ እንሂድ» አልኳቸው። ሰኞ ተነሣን። በዚያው በእርሻ መንገድ፣ ያንኑ አህያ እያሳዩኝ። መንደራችን ስንደርስ መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፈትኩ። በረንዳው ላይ የቆመችው የጊና ድመት ብቻ ነበረች።

ምናልባት አውቶቡስ አጥታ ይሆናል አልኩ። ማግስቱን ጠበቅሁ። ሌላውንም እሑድ ጠበቅሁ። ከውሃ መቅጃው አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ የእኛ መንደር ሽመሎች ገብተው ነበር፤ ሁለቱም። ከጠዋት እስከ ማታ ያንቋቋሉ። እማማ በዚያ ሥር ስታልፍ መሬት መሬት ታያለች፤ አባባም መሬት ያያል። ጊናም፣ ፖስተኛውም፣ ቄሱም ሳይቀሩ ከእኔ ጋር ሲያልፉ ምን እንደወደቀባቸው አላውቅም፣ መሬት ያያሉ። እኔም መሬት አያለሁ። ሽመላዋ ራሳችን ላይ ልትቆም ምንም አልቀራት።

«ሽመሎቹ ዘንድሮ ዘገዩ» አለች እማማ አንድ ጠዋት ወተት እየቀዳችልኝ። ከውጪ ያ መንቋቋት ይሰማል።

ብዙ አሰብኩ። ሽመላ አይቻለሁ ካልኩ እናቴ እመጣለሁ ብላ ቀርታለች ማለት ነው። ካላየሁ ግን እናቴ ምንም አላጠፋችም፤ ቀኗ ገና ነው።

«አዎ» አልኳት። «ዘገዩ።»

ቁርሴን ሳልጨርስ ወጥቼ አባባን ፈለግሁት። ከመኪናው ሥር ተኝቶ አንድ ነገር ይፈታ ነበር። እግሩን ጎተትኩት። ዘይት በነካው ፊቱ ብቅ ሲል እጭኑ ላይ ወጣሁና አንገቱን አቀፍኩት።

«አባባ፣ እንዳትለቃቸው» አልኩት በጆሮው። «እስክነግርህ ድረስ አጥብቀህ ያዛቸው።»

«እይዛቸዋለሁ» አለ። የጨበጠው መፍቻ እስኪቀዘቅዘኝ ድረስ ጀርባዬ ላይ ቆየ።

በጋው እንደዚያ አለፈ። ክሩ ቀዩ ቡኒ፣ ነጩ ግራጫ ሆነ። ኦገስት ሲያልቅ ሽመሎቹ በሜዳው ላይ ተሰብስበው በሰማዩ ከፍ ብለው ዞሩና ሄዱ። አያቶቼ በዚያ ዓመት ወደ ባሕሩ አልወረዱም፤ ያልመጡ ወፎችን መሸኘት አይቻልም። ትምህርት ቤት በገባሁ ቀን አስተማሪዬ እጄን አይታ «አንቺ፣ እስካሁን...» ብላ ጀመረች። ልጆቻቸውን ሊያደርሱ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «...ያምራል» ብላ ጨረሰችው አስተማሪዋ።

አድጌ፣ አባባ ከሞተ በኋላ፣ እማማን አንድ ቀን ጠየቅኋት። ዐይኗ ደክሞ ነበር፤ ወፉን በድምፁ ነበር የምትለየው።

«እማማ፣ ያኔ ከተማው ውስጥ ሽመላ አይቼ ነበር እኮ።»

«ምን ብዬ አጣዋለሁ! ቫስካ ወዲያው ነው የነገረችን። ‹ልጅቷ ሽመላ አይታ መሬት አልበቃት አለ› ብላ። አባባሽ ምሳውን ጥሎ ወጣ፤ ጥድ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት።»

«ታዲያ ካወቃችሁ ለምን ‹ዘገዩ› ትሉኝ ነበር?»

«አንቺስ ካየሽ ለምን ‹አዎ› ትዪን ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ተበላሸብን።

እናቴ ከዚያ ዓመት በኋላም ሄዳለች፣ መጥታለች፣ ደግሞ ሄዳለች። አሁን ተሰሎንቄ የራሷ በረንዳና የራሷ ሎሚ አላት፤ እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ይህን ታሪክ ያጫወትኳቸው ሰዎች እናቴን የናፈቅኩበት ታሪክ አድርገው ይወስዱታል። ያኔ ልክ ነበሩ። ዛሬ ግን የምናፍቀው ሁለቱን ነው፤ የሚወዱትን ሐይቅ ትተው፣ የሚወዱትን ወፍ ከእኔ ሊደብቁ በእርሻ መንገድ የዞሩትን ሁለት ሽማግሌዎች።

ያን ዓመት እናቴ የመጣችው ኖቬምበር ላይ ነው። ወረቀቷ ተሳክቶላት፣ ሳትደውል። ግቢው ውስጥ ለክረምት የሚሆን ጥቅል ጎመን በርሜል ውስጥ እየደረደርን ነበር፤ እማማ እጇ እስከ ክርኗ ጨው፣ አባባ በርሜሉን ደግፎ። በሩ ተንጫረረ። አንዲት ሴት የማላውቀው ካፖርት ለብሳ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ካፖርቱን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ከዚያ ፊቷን አየሁ፤ ከስቶ ነበር።

አልሮጥኩም። ያን ሁሉ ወር ስሮጥ ኖሬ እግሬ ያን ሰዓት እምቢ አለኝ። እሷ ናት ሮጣ መጥታ ጭቃው ላይ የተንበረከከችው። ሳመችኝ፣ አሸተተችኝ፣ እጆቼን ያዘች። እጅጌዬ ወደ ላይ ተሰበሰበና ክሩን አየችው።

«ኔቪ» አለች። «ይሄ... አልፈታሽውም?»

«ሽመሎቹ ዘግይተው ነው» አልኳት። «አንቺ አልዘገየሽም።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ጀርባዋን ሰጥታን ጎመኑን መጫን ጀመረች፤ ያለቅጥ ነበር የምትጫነው። እናቴ ቀና አለች፣ እንባዋን ልትውጥ መሰለኝ፤ ቀና እንዳለች ቀረች።

«ያቻት!» ብላ ጮኸች። «ኔቪ፣ ሽመላ! እይ፣ እይ፣ ሽመላ!»

አየሁ። ከወንዙ በኩል፣ ከጣሪያችን በላይ፣ አንዲት ትልቅ ወፍ በዝግታ ትቀዝፍ ነበር። አንገቷን እንደ መንጠቆ አጥፋ፣ ሰውነቷ ግራጫ። ሽመላ አንገቷን ዘርግታ ነው የምትበረው። በኖቬምበርም በእኛ ሰማይ ሽመላ የለም። ሳቢሳ ነበረች፣ ክረምቱን ዳኑብ ላይ የምትከርም ሳቢሳ፤ ይህን የጊና ድመት እንኳ ታውቀዋለች። እናቴ ግን ወፍ አታውቅም። እጇን ዘርግታ፣ ፊቷ በርቶ፣ በእውነት ሽመላ ነበር የምታየው።

ወደ አባባ ዞርኩ። እማማም ከበርሜሉ ቀና ብላ ወደ እሱ አየች። በወፍ ጉዳይ በእኛ ቤት የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

አባባ በርሜሉን ለቀቀ። እጁን ከግንባሩ በላይ አድርጎ ወፏን ከመንደሩ ጫፍ እስክትሰወር ድረስ አያት፤ ክንፏን፣ አንገቷን፣ እግሯን። ጊዜ ወሰደ።

«ሽመላ ናት» አለ።

እጄን ለእናቴ ዘረጋሁላት፤ እንድትፈታልኝ።